ፈረቃዋን የጨረሰች አትቀሰቀስም

የመጨረሻዎቹ ለቀስተኞች «በሉ፣ እግዜር ያጽናችሁ» ብለው ሲወጡ፣ ቃሪያ «ያጽናችሁ» የተባለው ለማን እንደሆነ ዞር ብላ ፈለገች። ቤቱ ውስጥ ከእሷ፣ ከባዶው አልጋና ከጎረቤት ከተዋሷቸው ወንበሮች በቀር ማንም የለም። ወንበሮቹ ይጽኑ እንግዲህ። እሷን እንደሆነ ደክሟታል።

ቃሪያ የተባለችው በምላሷ ነው። ስሙን ያወጣችላት አያቷ ናት፤ አያቷን ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ «ሲስተር» ነው የሚላት። ሲስተር ዕድሜዋን ሙሉ ነርስ ነበረች። ሰው ሲወለድ ተቀብላለች፣ ሲሞት ዐይኑን ከድናለች፣ በመሃል ደግሞ መርፌዋን ወግታለች። ሰፈር ውስጥ የሲስተርን መርፌ ያልቀመሰ መቀመጫ ቢኖር፣ ትናንት የገባ ተከራይ መቀመጫ ነው። በሽተኛ ከመንካቷ በፊት እጇን ብብቷ ውስጥ ከትታ ታሞቃለች። «በሽታው ይበቃዋል፤ የኔን ብርድ ደግሞ ምን አደረገና?» ትላለች። የሙያ ነገር ከተነሳማ «ሐኪም ያዛል፣ እግዜር ይፈውሳል፣ አልጋውን የሚያነጥፈው ግን ማን ነው?» ብላ ሁለቱንም ታኮርፋለች።

አሁን ሲስተር የለችም። ቃሪያ ደግሞ አላለቀሰችም። «ይቺ ልጅ ልቧ ደነደነ» ያሉ ነበሩ። አልደነደነም፤ ደክሟት ነው። ማልቀስም አቅም ይጠይቃል።

በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተና ሬዲዮ ገባች። ሬዲዮ አብራት ላውንደሪ ቤት ልብስ የምትተኩስ ጓደኛዋ ናት። ስሟ ለምን ሬዲዮ እንደሆነ አፏን ስትከፍት ይታወቃል።

«ሰምተሻል?»

«ሐዘን ቤት ነው የገባሽው። መጀመሪያ ደህና ነሽ ወይ ይባላል።»

«ደህና ነሽ ወይ? ሰምተሻል?»

«ምኑን?»

«ሲሚንቶ ነገ ጠዋት ሊሄድ ነው! እናቱ ያን ሩቅ ከተማ የከፈተችውን አዲሱን መደብር ያዝ ብላዋለች። ሸሚዞቹ በሙሉ እኛ ጋ መጥተዋል፤ ዛሬ ተተኩሰው ይወሰዳሉ።»

«ይሂዳ» አለች ቃሪያ። «መንገዱን ጨርቅ ያድርግለት።»

«ጨርቅ ያድርግለት ስትይ ጥርስሽን ለምን ነከስሽ?»

«ጥርሴ የኔ ነው።»

ሬዲዮ ዝም አለች። ሬዲዮ ዝም ካለች ነገሩ የምር ነው ማለት ነው። ቃሪያ ወንበሮቹን አንዱን ባንዱ ላይ መደርደር ጀመረች።  

ሲሚንቶ ማነው ቢባል፣ የባለመደብሯ ልጅ ነው። እናቱ በትልቁ መንገድ ዳር ሲሚንቶ፣ ቆርቆሮ፣ ሚስማርና ቀለም ትሸጣለች። ስሙን ያወጣችው ሬዲዮ ግን «የእናቱን ዕቃ አይቼ ብቻ አይደለም፤ አንዴ ዝም ካለ በመዶሻም አይከፈትም» ባይ ናት።

አባቱ ግማሽ ሰውነቱ አልታዘዝ ብሎት ዓመታት ሲተኛ፣ ቤት ድረስ እየሄደች ያስታመመችው ሲስተር ነበረች። ቃሪያ ያኔ ትንሽ ልጅ ናት፤ የአያቷን ቦርሳ ተሸክማ ትከተላለች። ግቢው ሁለት በር አለው። እነሱ የሚገቡት በኋለኛው፣ በማድቤቱ በኩል ነው። ልጁ ከፎቁ መስኮት ያያታል። እሷ ደግሞ ምላሷን ታወጣበታለች። ፍቅሩ ከዚያ ጀመረ እንዳይባል፣ ቃሪያ ምላሷን ያላወጣችበት ሰው አልነበረም።

ልጅ ሆነው የተለያዩት፣ ሲስተር ራሷ አልጋ ስትይዝ ተገናኙ። አንድ ቀን ብርቱካን በፌስታል ይዞ በሩ ላይ ቆመ። «ሲስተር አባቴን አስታመዋል» አለ። «እኔ ደግሞ እሳቸውን ላስታም።» ይህ ከአፉ የወጣ ረጅሙ ንግግር ነበር። ቃሪያ ካውያዋን ጥላ ቤት መዋል አትችልም፤ ብትውል የሚያበላቸው የለም። እሺ አለች። ተራ ገቡ።

እንደ ሲስተር ያለ አስቸጋሪ በሽተኛ ደግሞ አልታየም። አልጋዋ ላይ ጋደም ብላ ዋርድ አቋቋመች። ፈረቃ አወጣች። አንዱ ሲገባ ሌላው ሲወጣ ሁለቱም እግርጌ ይቆሙና እንደ ሆስፒታሉ ርክክብ ያደርጋሉ።

«ታካሚዋ ግማሽ ኩባያ ሾርባ ጠጥታለች» ይላል እሱ፣ እጁን ኋላው አጣምሮ። «ጀርባዋ ታሽቷል። ሁለቴ ተሳድባለች።»

«ሦስቴ ነው» ትላለች ሲስተር ከትራሷ። «አንዱን በሆዴ ነው የተሳደብኩት።»

ገቢው «ተረክቤያለሁ» ካላለ ወጪው ንቅንቅ አይልም። በርክክብ ሰዓት ደግሞ ስለ ታካሚዋ እንጂ ስለ ራስ ማውራት ክልክል ነው። ሲስተር የሠራችባቸው ዋርዶች ሁሉ ሕጉ ይኸው ነበርና እዚህም ይኸው ሆነ።

«አንተ ልጅ፣ ዐይንህ ወዴት ነው?» አለችው አንድ ቀን። «ታካሚዋ እኔ ነኝ!»

ሲሚንቶ ጆሮው ድረስ ደም መሰለ። ቃሪያ ሳቋን አንሶላ ውስጥ ደበቀች።

እንግዲህ የተዋደዱት በሾርባ ነው ማለት ይቻላል። «ሾርባውን ሞቅ አድርጌ ትቼዋለሁ» ሲል «ስላንቺ ሳስብ ነበር» ማለቱ እንደሆነ ትጠረጥራለች፤ ግን ጠርጣራ ናትና ራሷንም አታምንም። እሷ ደግሞ «መስኮቱን ትንሽ ከፈት አድርግላት» ስትለው «ትንሽ ቆይ፣ አትሂድ» ማለቷ ነበር። እሱ ሄዶ መስኮቱን ከፈተ። ወንድ! ከፍቶ ሲያበቃ ግን ከመስኮቱ ሳይርቅ ዞሮ አያት። እንዲህ ያለ አስተያየት ሲታዩ ሰው ወይ ይናገራል ወይ ይሸሻል። እሷ የአያቷን ካልሲ ማጠፍ ጀመረች።

አንዱ ሲገባ አንዱ ይወጣል። አብረው ተቀምጠው አያውቁም። ድካማቸውን እንኳ በየተራ ነበር የሚደክሙት።

ያ ከሰዓት እስኪመጣ።

ቃሪያ ቀኑን ስትተኩስ፣ ሌቱን አያቷን ስታገላብጥ ሰንብታ ነበር። የዕረፍት ቀኗ ስለነበር፣ እሱ «ተረክቤያለሁ» እንዳለ ክፍሉን ለሁለት ከሚከፍለው መጋረጃ ጀርባ ገብታ ፍራሿ ላይ ተዘረረች። ስትነቃ ፀሐዩ ግድግዳው ላይ ነበር፤ ቤቱ ጸጥ ብሏል። መጋረጃውን ስትገልጥ እሱ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ የሲስተርን እጅ በሁለት እጁ ይዟል። የሲስተር ዐይን ተከድኗል።

«መቼ?» አለች።

«ቅድም።»

«ቅድም? ለምን አልቀሰቀስከኝም?»

የሲስተርን እጅ ቀስ አድርጎ አንሶላው ላይ አሳረፈ።

«ከመጋረጃው ማዶ ነበርኩ እኮ! እጅህን ብትዘረጋ ትነካኝ ነበር! ለምን?»

ዐይኑን መሬት ላይ ተከለ። ሲሚንቶ! ከዚያ ወዲያ አላናገረችውም። መጣ፣ ወንበር ተሸከመ፣ ውሃ ቀዳ፣ ከለቀስተኛው ኋላ ቆመ። እሷ እንደ ግድግዳ እያለፈችው ሄደች። ባለፈችው ቁጥር ግን ትከሻዋ ያውቀዋል፤ እዚያ እንዳለ ሳታየው ታውቃለች። ይህም ሌላ ንዴት ሆነባት።

የሥራ አለቃዋ «ሐዘንሽን ጨርሰሽ ነይ» ብሏት ነበር። ልብስ ግን ሐዘን አያውቅም፤ ይቆለላል። ወንበሮቹን ለየባለቤቶቻቸው መልሳ፣ ከሬዲዮ ጋር ላውንደሪ ቤት ገባች።

ሸሚዞቹ መስቀያው ላይ ተራ ይጠብቃሉ። «እኔ ልተኩሳቸው» አለች ሬዲዮ። «ስጪኝ» አለች ቃሪያ። ሸሚዝ ከኮሌታ ይጀመራል፣ ከዚያ ትከሻ፣ ከዚያ እጅጌ። በመጨረሻ ነጩን ስትዘረጋ ደረቱ ላይ ያልለቀቀ የሾርባ ጠብታ አየች። ሲስተር ማንኪያውን «አልፈልግም» ብላ የገፋችበት ቀን የለበሰው ነው። ቃሪያ እዚያች ነጠብጣብ ላይ ካውያውን ወዲህ ወዲያ አለችው፣ ወዲህ ወዲያ...

«ልታቃጥይው ነው!» ጮኸች ሬዲዮ።

ካውያውን ስታነሳ ባለመደብሯ በሩ ላይ ቆማ ታያታለች። ሹፌሯን መኪናው ውስጥ ትታ ራሷ መጥታለች። ሬዲዮ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ እንዳለባት ትዝ ብሏት ወደ ጓዳ ገባች፤ በሩን ግን ገርበብ አድርጋ ነው።

«እንዴት ነሽ የኔ ልጅ?» አለች ባለመደብሯ። «ሲስተርን ነፍሷን ይማር። ባለቤቴን እንደ ወንድሟ ነው ያስታመመችው።»

«አሜን፣ እትዬ።»

«ስለ ልጄ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ አትቀየሚኝ። ባለቤቴ የተኛ ጊዜ መድኃኒት የሚያመላልስልን አንድ ሰው ነበር። በየቀኑ በሩ ላይ አገኘዋለሁ። እንዴት አደሩ ይላል፤ እኔ ቀኑን ሙሉ ያቺን ድምፁን ስጠብቅ እውላለሁ። ፍቅር የያዘኝ መስሎኝ ነበር፣ በእግዜር! በኋላ ሁሉም አልፎ እንቅልፌን ጠግቤ ስነሳ፣ ሰውዬው ትልልቅ ጆሮ ያለው መድኃኒት አመላላሽ ብቻ ሆኖ ቁጭ አለ።»

ቃሪያ ሳታስበው ፈገግ አለች። ባለመደብሯም ፈገግ አለች፤ ወዲያው ግን ፊቷ ተመለሰ።

«በሽተኛ አልጋ ዙሪያ የሚበቅል ነገር ፍቅር ይመስላል። ድካም ነው። ሰው ሲደክመው ያገኘውን ይደገፋል። ልጄ እዚያ ሄዶ አርፎ ሲነሳ ይረሳዋል፤ አንቺም እንደዚያው። በዚያ ላይ... ታውቂዋለሽ። ሁሉም ሰው የየራሱ በር አለው።»

«እኛ የምናውቀው የኋለኛውን ነው፣ እትዬ» አለች ቃሪያ።

ባለመደብሯ ሒሳቧን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ሸሚዞቹን በክንዷ ታቅፋ ወጣች። ሬዲዮ ከጓዳ ብቅ ብላ «ደግ አደረግሽ! ይበላት!» አለች። ቃሪያ ግን ደስ አላላትም። ሴትየዋ ክፉ ብትሆን ይቀላት ነበር። ክፉ አይደለችም። እውነቷን ቢሆንስ? ይህ ሁሉ ሾርባና መስኮት፣ ይህ ሁሉ አስተያየት፣ ትልልቅ ጆሮ ያለው ድካም ብቻ ቢሆንስ?

አመሻሽ ላይ መጣ። በሩ ክፍት ነበር፤ እሱ ግን አንኳኳ።

«የቤቱን ቁልፍ ልመልስ ነው» አለ።

«ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው።»

አስቀመጠው። አልወጣም። ባዶው አልጋ አጠገብ ቆሞ እጁን ኋላው አጣመረ፤ ልማድ ሆኖበት።

«ሸሚዞችህ ደረሱህ?»

«ደርሰውኛል። ኮሌታው... ጥሩ ነው።»

«ኮሌታው ጥሩ ነው!» ቃሪያ የያዘችውን አንሶላ ወረወረችው። «ነገ አገር ጥሎ ሊሄድ መጥቶ ኮሌታው ጥሩ ነው ይለኛል! አንድ ጥያቄ ነው የጠየቅኩህ፣ አንድ። ስንቱ የማታውቀው ሰው ሲሞት እጁን ይዛ የሸኘች ሴት፣ የራሷ የልጅ ልጅ እጇን ሳትይዛት ሄደች። አንተ ማን ነህና ነው የያዝካት? ለምን አልቀሰቀስከኝም?»

የባዶውን አልጋ ትራስ አስተካከለ። ከዚያ እንደ ተሰነጠቀ ግድግዳ ድምፁ ቀስ ብሎ መጣ።

«ልቀሰቅስሽ ተነስቼ ነበር። መጋረጃውን ይዤ ነበር። የከለከሉኝ እሳቸው ናቸው።»

«ምን?»

«"ወዴት ነህ?" አሉኝ። "ልቀስቅሳት፣ ሲስተር" አልኩ። "ፈረቃዋን የጨረሰች አትቀሰቀስም" አሉ። ለመንኳቸው። እባክዎ አልኳቸው። "ሞት የትም አይሄድም፣ ስትነሳ ታገኘዋለች፤ እንቅልፍ ግን ካመለጠ አመለጠ" አሉኝ። ከዚያ እጄን ያዙና "ቀዝቅዟል፣ አሙቀው" አሉኝ። ሌላ አልተናገሩም።»

ቃሪያ አልጋው ላይ ቁጭ አለች። መጀመሪያ የመጣው ሳቅ ነበር፤ ከየት እንደመጣ አታውቅም። ሲስተርን ቁጭ! ድሮ ተረኛ ሆና የደከማትን ነርስ የሚቀሰቅስ ሐኪም ቢመጣ በር ላይ ቆማ «ያልተኛች ነርስ ከበሽታው ትብሳለች» ብላ የምትመልሰው እሷ አይደለች? እየሞተችም በር ላይ ቆማለች። ከሳቁ ኋላ ንዴቱ መጣ።

«እሷ ማን ናት በኔ እንቅልፍ የምትወስነው? ማን ጠየቃት?» አለች ለባዶው ትራስ። ከዚያ ወደ እሱ ዞረች። «አንተስ? ያኔውኑ ለምን አልነገርከኝም? ይህን ሁሉ ቀን ስሰድብህ!»

«በእሳቸው እንዳትቆጪ። ሙት ተቀይመሽ ከማን ጋር ትታረቂያለሽ? ከኔ ጋር ግን... አንድ ቀን እንታረቅ ይሆናል ብዬ።»

ይህን ብሎ ዐይኑን መሬት ላይ አልተከለም። እሷን ነበር የሚያየው፤ እንደ መስኮቱ ቀን።

ቃሪያ ተነሳች። «ና፣ ቁም።»

«የት?»

«እግርጌ። ላስረክብህ።»

ግራ ገብቶት ቆመ። እሷም ፊት ለፊቱ ቆመች። በመሃላቸው አልጋው ባዶውን ነበር።

«ታካሚዋ» አለች ቃሪያ፣ «እህል አይገባላትም። ትተኛለች ግን አይወስዳትም። ካውያ ስትይዝ ሸሚዝ ልታቃጥል ትደርሳለች። ሰው ትሳደባለች ብለው ስም አውጥተውላታል፤ እውነታቸውን ነው። ትኩሳት የላትም። አንድ ሰው ነገ ይሄዳል ሲሏት ግን እዚህ ጋ» ደረቷን ነካች፣ «እዚህ ጋ ትታመማለች። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አልታወቀም። መድኃኒት አልታዘዘላትም።»

አፉን ከፈተ። ሊል የነበረውን የርክክብ ቃል ሁለቱም ያውቁታል። ቃሪያ እጇን ዘርግታ አቆመችው።

«አትበል! እናትህ ድካም ነው ብለዋል።»

«እናቴ አግኝታሻለች?»

«አግኝተውኛል። ክፉ አልተናገሩኝም። ምናልባት ልክ ናቸው። ሳይደክመኝ ያየሁህ አንድ ቀን የለም። ሳይደክመኝ አላውቅህም እኮ! አንተም እኔን።» ድምፏ ወደ ታች ወረደ። «ሂድና ተኛ። እኔም እተኛለሁ። ጠዋት ከድካማችን ስንነሳ እኔ ትልልቅ ጆሮ ያለኝ ልብስ ተኳሽ ከሆንኩብህ፣ አውቶቡሱ አለልህ።»

ስለ ጆሮው ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባውም። ግን ወጣ። ቃሪያ በሩን ዘግታ ግንባሯን እንጨቱ ላይ አስደገፈች። ልክ መሆን እንዲህ የሚያም ከሆነ ሰው ለምን ልክ ይሆናል?

እንቅልፉ ዘግይቶ መጣ፤ ሲመጣ ግን እንደ ጎርፍ ነው የወሰዳት። ከዚያ ውስጥ ያወጣት ድብደባ ነው። በሩ እየተደበደበ ነበር። በእጅ መዳፍ፣ በጡጫ፣ ምናልባትም በእግር።

«ማነው በጠዋት!» ጎረቤቷ በግድግዳው ማዶ ጮኹ። «ቤት ልታፈርስ ነው እንዴ?»

ቃሪያ ፀጉሯ እንደቆመ ከፈተች። ሲሚንቶ ነው። ሻንጣው እግሩ ሥር አለ። ያን ያህል የደከመችበት ሸሚዝ ታኝኮ የተተፋ ወረቀት መስሏል።

«ቀሰቀስኩሽ» አለ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ።

«ቀሰቀስከኝ።»

«ተኝተሻል?»

«ትንሽ። አልበቃኝም። አንተስ?»

«ዐይኔን አልከደንኩም። ከእናቴ ጋር ስንጨቃጨቅ ነጋ።»

«እና ድካሙ አልወጣልህም?»

«አልወጣልኝም።»

«ታዲያ ምን ልታደርግ መጣህ?»

«ደክሞኝም መጣሁ» አለ። ከዚያ፣ ሬዲዮ ብትኖር አታምንም፣ ቀጠለ። «እስካርፍ ብጠብቅ መቼ ነው የማርፈው? አባቴ ሲታመም ደከመኝ፣ ሲስተር ሲታመሙ ደከመኝ፣ ነገም የሚያደክም ነገር አይጠፋም። ደክሞኝ የምገባበት ቤት ይህ እንዲሆን ነው የምፈልገው። ሌላ አላውቅም።»

«አውቶቡሱስ?»

«ሄደ።»

«እናትህስ?»

 «"ዛሬ በዚያች ልጅ በር ከገባህ በዚህ በር አትመለስም" አለችኝ። ትበርድ ይሆናል፤ ላትበርድም ትችላለች። አላውቅም።»

ቃሪያ አንድ ነገር ልትመልስ ምላሷን ፈለገችው። ያ ሰው ሁሉ የሚፈራው ምላሷ የለም። በምትኩ እንባ መጣ። ለአያቷ ያላለቀሰችው፣ ከለቀስተኛው ፊት እምቢ ያላት ሁሉ በአንድ ጊዜ መጣና መቃኑን ይዛ ጎንበስ አለች። እሱ «አይዞሽ» አላለም፣ «አታልቅሺ» አላለም። ሻንጣውን ወደ ጎን ገፍቶ ጨርሳ እስክትነሳ አጠገቧ ቆመ። መጨረሱ ጊዜ ወሰደ። ጎረቤቷ ሳይቀሩ ብቅ ብለው አይተው፣ ምንም ሳይሉ ተመለሱ።

«ግባና በሩን ዝጋው» አለች በመጨረሻ፣ አፍንጫዋን በእጅጌዋ እየጠረገች። «ብርድ እያስገባህ ነው።»

ገባ። ዘጋው። ከዚያ ሁለቱም ምን እንደሚያወሩ ጠፋቸው፤ የሚጠየቅ ሾርባ የለ፣ የሚከፈት መስኮት የለ። ክፍሉ መሃል ቆመው ተያዩ። እንዲህ ደክሟቸው፣ እንዲህ ፈርተው፣ እንዲህም ደስ ብሏቸው አያውቅም።